ቀይ አፈርና የተቆጣ እግር፦ የወላይታ ዝሆኔ ታሪክ

ዝሆኔ የሚባለውን በሽታ በዓይናችሁ ያያችሁ ትኖራላችሁ። እግር ከታች ጀምሮ ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በወላይታ ዞን ከነዋሪው 5.46 በመቶው በሽታው እንዳለበት አሳይቷል። ከ20 ሰው አንዱ ማለት ነው። አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል፣ ሌላው በዘር ነው ብሎ ከቤተሰቡ ጋር መጋባት ይፈራል። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው?

በሌሎች አገሮች የታወቀው ዝሆኔ በትንኝ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ነው። ትሉ በእኛም አገር እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች አለ። ደጋ ላይ ያሉት ታማሚዎች ሲመረመሩ ግን ደማቸው ውስጥ ትል አልተገኘም። እግራቸው ያበጠው በምንድን ነው ታዲያ?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ጥያቄውን ከመሬቱ ጀመረ። በሽታው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በማያጣው ከፍታ ላይ ነበር። የዳሞታ ተራራን ዙሪያ የሚያውቅ ሰው አፈሩን አይስተውም። ፕራይስ የታማሚዎችን የሊምፍ ዕጢ ሲመረምር ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች አገኘ። ስሙንም ከግሪክ ቃላት አውጥቶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ ፖዶ እግር፣ ኮኒስ ደግሞ አቧራ ነው። የድንጋይ አቧራ የሚተነፍሱ ማዕድን ቆፋሪዎች ሳንባቸው እንደሚታመመው፣ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬም እግሩ ይታመማል።

አቧራ እንዴት እግር ያሳብጣል? ቅንጣቱ በቆዳ አልፎ ሲገባ ማክሮፌጅ የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ይውጡታል። ድንጋይ ግን አይፈጭም። ሴሎቹ የማንቂያ መልእክት መልቀቅ ይጀምራሉ፤ ይህ ነው ብግነት ወይም የሰውነት መቆጣት የምንለው። ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ከሴሉ ሽፋን ስብ ተቆርጠው የሚሠሩ ናቸው። ፕሮስታግላንዲን ሕመምና ትኩሳት ያመጣል። አስፕሪን የሚያስታግሰን የእሱን መመረት ስለሚያግድ መሆኑን ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳየ። ዘመዱ ሉኮትሪን ደግሞ የአስም ታማሚን የአየር ቧንቧ ያጠብባል። ማንቂያው በራሱ ጠላት አይደለም፤ ችግሩ ሳይጠፋ ሲቀር ነው። አፈሩ በየቀኑ ከገባ መቆጣቱም አይበርድም፣ የሊምፍ ቱቦዎቹ ጠባሳ ይሠሩና ይዘጋሉ። ማፋሰሻው የተደፈነ ማሳ ውሃ እንደሚተኛበት ሁሉ እግሩም ፈሳሽ ያቁራል።

ግን በባዶ እግሩ የሚሄድ ሁሉ አይታመምም። ስለዚህ "በዘር ነው" የሚለው ወሬ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የ194 ታማሚዎችንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል አነጻጽረው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳተሙ። ልዩነቱ የታየው ሰውነት ባዕድ ነገርን በሚለይባቸው ዘረ መሎች ላይ ነው። አንዳንድ ሰው ለአፈሩ ቶሎ ይቆጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ወሬው ትክክል ነበር? ግማሹ ብቻ። እኛ ኢንጂነሮች እንደምናውቀው፣ ሁለት ማብሪያ በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ከተገጠሙ አንዱን ማጥፋት ይበቃል፤ አምፖሉ አይበራም። ዘረ መሉን ማጥፋት አንችልም፣ አፈሩን ግን በጫማ ማገድ እንችላለን። የ2007ቱ ጥናትም ጫማ ማድረግ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቷል። በበሽታው ከተጠቃ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከታጠበና ከተጫማ የሚፈራው ነገር ላይደርስበት ይችላል። ጋብቻ የሚያስከለክል ምን አለ?

ለታመመውም ተስፋ አለ። ሶዶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ሞሲ ፉት የተባለ ማኅበር ለታማሚዎች እግር ማጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻንና በልክ የተሰፋ ጫማን ሲያዳርስ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ጥናት 696 ታማሚዎችን ተከታትሎ እንዲህ ያለ ቀላል እንክብካቤ በሽታው የሚነሳበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሲነሳ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ገበሬውን በትኩሳት ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ስሌት 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረው ወላይታ በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያሳጣ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ፖዶኮኒዮሲስን ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ስለዚህ "የእነ እገሌ ዘር ነው" ሲባል ከሰማችሁ፣ የጎደለውን ግማሽ ጨምሩበት፦ ዘሩ ብቻውን አያሳምምም፤ ጫማ ያደረገ እግር ላይ ቀዩ አፈር መግቢያ የለውም።