ኑዛዜን ለቀብር ማግስት አንተው

ዛሬ የምናነሳው ብዙ ቤተሰብ ከቀብር በኋላ ብቻ የሚያስታውሰውን የውርስ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። በደጋው አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ በንግድና በሽመና ያድር ነበር። ለልጆቹ የሚያወርሰውም ገንዘብ፣ ሸቀጥና የጭነት ከብት ነበር። በ1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ሙስሊሙ ገበሬም ይዞታ አገኘ። ዛሬ በሳንጃና በአርማጭሆ ቆላ አንድ አባወራ ሲሞት የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ይዞታ፣ ከብት፣ ቤትና ሱቅ ሊተው ይችላል። ሀብቱ ሲበዛ ክርክሩም ይበዛል።

ዳኛውስ ማነው? በ1934 እና በ1936 ዓ.ም የወጡት አዋጆች ለቃዲና ለናኢባ ምክር ቤቶች የሙስሊምን ውርስ፣ ኑዛዜ፣ ስጦታና ወቅፍ የመዳኘት ሥልጣን ሰጡ። በውርስ ጉዳይ ሟቹ ሙስሊም መሆኑ በቂ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትና የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 188 ግን የተከራካሪዎቹን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ከወራሾች አንዱ «አልስማማም» ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ሚስት፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ሞተ፤ ወላጆቹ ቀድመውት ሞተዋል። ዕዳው ተከፍሎ የራሱ ድርሻ የሆነ 320,000 ብር ተረፈ። በሸሪዓ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 40,000 ብር ታገኛለች፤ ወንዱ 140,000፣ ሴቶቹ 70,000፣ 70,000 ይወስዳሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ኑዛዜ ከሌለ ሦስቱ ልጆች እኩል ይካፈላሉ፤ ሚስት የጋራ ሀብቷን ግማሽ ትወስዳለች እንጂ የባሏ ወራሽ አይደለችም።

ታዲያ በሕይወት ሳለን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ዕዳችንን እንጻፍ። ያልተከፈለ መህርም ዕዳ ነው፤ ከውርስ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ የባልና የሚስት ንብረት የትኛው የማን እንደሆነ ይለይ። ሦስተኛ፣ ኑዛዜ ከሲሶ አይለፍ፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽም አይደረግም። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ሳሉ አብዛኛውን ሀብታቸውን ለመስጠት ሲጠይቁ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የፈቀዱላቸው ሲሶውን ብቻ ነበር፤ እሱም ብዙ እንደሆነ ነገሯቸው። ለመስጂድ፣ ለመድረሳ ወይም ለድሃ ወቅፍ መተው የሚሻም ኑዛዜውን ከዚሁ ሲሶ ያውጣ።

ጽሑፉም ሕጉን ይከተል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። በራስ እጅ ብቻ የተጻፈ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይፈርሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ሚስትንና ልጆችን አንድ ላይ አስቀምጠን፣ ነገ በሸሪዓ ለመዳኘት ዛሬ እናስማማቸው። ፈቃድ የሚጠየቀው እኛ ከሄድን በኋላ ነውና፣ መሠረቱን መጣል ያለብን እኛው ነን። አላህ (ሱ.ወ.) የባልቴትንና የየቲምን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።