የትኩረት ማነስ ችግር ያለባቸውን ሕፃናት በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አካቶ ማስተማር

የትኩረት ማነስ እና ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ ችግር (ኤ.ዲ.ኤች.ዲ) ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ፣ በልጅነት የሚጀምርና ትኩረትን፣ ትዕግሥትንና እንቅስቃሴን የመቆጣጠር አቅምን የሚያውክ ሁኔታ ነው። በመንስኤነቱ የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ አለው። የአስተዳደግ ጉድለት ወይም የስንፍና ውጤት አይደለም። ሆኖም ችግሩ ያለበት ልጅ ብዙውን ጊዜ «ቀዥቃዣ» ወይም «ቀልበ ቢስ» የሚል ስም ወጥቶለት ከክፍል ክፍል ይሸጋገራል።

ሁሉም ተቅበጥባጭ ልጅ ችግሩ አለበት ማለት አይደለም። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የ2013 እ.ኤ.አ መመሪያ መሠረት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ፣ ቢያንስ ለ6 ወራት የቆዩና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትና በትምህርት ቤት፣ የሚስተዋሉ መሆን አለባቸው። በአንድ መምህር ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚረብሽ ልጅ ሲያጋጥም አስቀድሞ ረሃብን፣ የእንቅልፍ እጦትን፣ የዓይንና የጆሮ ችግርን ማጣራት ይገባል። በአንጻሩ ሳትረብሽ በሐሳብ ርቃ የምትቀመጥ ልጅ ችግሩ ሊኖርባት ይችላል፤ ማንንም ስለማታስቸግር ግን ሳትታወቅ ትቀራለች። ምርመራው የጤና ባለሙያ ሥራ ነው፤ የመምህሩ ድርሻ ያየውን መዝግቦ ማሳወቅ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ተማሪዎች እንደየፍላጎታቸው ተመጣጣኝ ማመቻቸት ተደርጎላቸው በአካቶ ትምህርት ሥርዓት እንዲማሩ ያዛል።

በክፍል ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው መቀመጫ ነው። ልጁ ከበርና ከመስኮት ርቆ፣ ለመምህሩ ቀርቦ፣ ረጋ ካለ ጓደኛ ጋር ቢቀመጥ ይመረጣል። ብቻውን ጥግ ማስቀመጥ ግን ማካተት ሳይሆን ማግለል ነው። ትእዛዝ አጭር ይሁን፣ አንድ በአንድ ይሰጥ፤ ልጁም በራሱ አንደበት እንዲደግመው ይደረግ። አሥር የሒሳብ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ከመስጠት አምስቱን ሰጥቶ፣ አርሞ፣ ቀሪዎቹን ማስከተል የተሻለ ነው። በመሐል ሰሌዳ እንዲያጠፋ ወይም ደብተር እንዲያድል ማድረግ ለመንቀሳቀስ በቂ ምክንያት ይሰጠዋል። ምስጋናም ሳይውል ሳያድር፣ በሠራው ሥራ ላይ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ ቀላል እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ይሁንና መቀመጫ መለወጥና ትእዛዝ ማሳጠር በጀት አይጠይቁም።

በቅጣት መልክ የእረፍት ጊዜን መከልከል ልጁን ይበልጥ ያቅበጠብጠዋል። ማንበርከክና መግረፍ ደግሞ ከጉዳታቸውም በላይ ሕገ ወጥ ናቸው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

በፈተና ወቅት ተጨማሪ ጊዜና ጸጥ ያለ ቦታ መስጠት የሚለካውን እውቀት አያዛባም፤ ልጁ የሚያውቀውን እንዲያሳይ ዕድል ይሰጠዋል እንጂ። መድኃኒት ማስጀመርም ሆነ ማቋረጥ የሐኪምና የወላጅ ውሳኔ ስለሆነ መምህር ምክር ሊሰጥበት አይገባም።

ከቤተሰብ ጋር የሚደረገው ግንኙነት «ወላጅህን ይዘህ ና» በሚል ብቻ መወሰን የለበትም። በደብተር ላይ በየሳምንቱ ልጁ የተሳካለትን አንድ ነገርና የቸገረውን አንድ ነገር መጻፍ ወላጅ ለክስ ሳይሆን ለምክክር እንዲመጣ ያደርጋል። በዓመቱ መጨረሻም የትኛው ዘዴ እንደሠራና የትኛው እንዳልሠራ የሚገልጸው ማስታወሻ ለቀጣዩ ክፍል መምህር ይተላለፋል።