የስኳር በሽታ፤ ባሕርዩና አያያዙ

የስኳር በሽታ፣ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ሲሳነው፣ ወይም ሰውነት የመነጨለትን ኢንሱሊን እንደሚገባ ሊገለገልበት ሳይችል ሲቀር፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልኩ አልፎ የሚገኝበት ደዌ ነው። የምንበላው እህል በሆድ ዕቃ ውስጥ ልሞ ወደ ስኳርነት ከተለወጠ በኋላ በደም እየተመላለሰ ለአካላት ሁሉ ኃይል ይሆናቸዋል፤ ነገር ግን ስኳሩ ከደም ወደ ሕዋሳት የሚገባው በኢንሱሊን አማካይነት በመሆኑ፣ ኢንሱሊን የጎደለው ሰው ጎተራው ሞልቶ ሳለ ቁልፉ እንደ ጠፋበት አባወራ በጥጋብ መካከል ይራባል። የተረፈው ስኳር ውሃ እያስከተለ በኩላሊት በኩል ስለሚወጣም፣ ሽንት መመላለስ፣ የማይቆርጥ ጥማት፣ እየበሉ መክሳትና የዓይን መፍዘዝ ዋነኞቹ ምልክቶች ናቸው።

ደዌው በጥንት ዘመንም የታወቀ ነበር። በ2ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ሐኪም አሬቴዎስ ዘቀጰዶቅያ ሥጋ እየቀለጠ ወደ ሽንት የሚፈስበት ሕመም አድርጎ ገልጾታል፤ የሕንድ ጥንታውያን ሐኪሞችም ጉንዳን የሚሰበሰብበትን ሽንት ተመልክተው «የማር ሽንት» ብለውታል። ምንጩ ከቆሽት መሆኑ የተገለጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1889 በስትራስቡርግ ዮሴፍ ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮቭስኪ ቆሽቱ የወጣ ውሻ በዚህ ደዌ እንደሚያዝ ባሳዩ ጊዜ ነው። ከዚያም በኋላ ለ30 ዓመታት ያህል፣ የታመመ ሕፃን ምግቡን እያሳነሱ ሞቱን ከማዘግየት በቀር ሌላ ተስፋ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ማክሌኦድ ቤተ ሙከራ፣ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከእንስሳ ቆሽት አወጡ፤ ጄምስ ኮሊፕም አጣራው። በ1922 መባቻ ለአንድ የ14 ዓመት ብላቴና የተሰጠው የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም ሳይረዳው ቢቀርም፣ ከ12 ቀናት በኋላ የተጣራው መድኃኒት ሲሰጠው የደሙ ስኳር ወረደለት። የባንቲንግ የልደት ቀን የሆነው ኅዳር 5 ዛሬ የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

በሽታው በተለይ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ዓይነት፣ የሰውነት የገዛ ራሱ መከላከያ ኢንሱሊን አመንጪዎቹን ሕዋሳት ሲያጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት የሚነሣና ያለ ኢንሱሊን መርፌ የማያኖር ነው፤ ሁለተኛውና እጅግ የበዛው ዓይነት በዘር ሐረግ፣ በክብደት መጨመርና በመቀመጥ ብዛት ቀስ በቀስ የሚመጣ ሲሆን፣ ከአመጋገብ ጥንቃቄና ከእንቅስቃሴ ጋራ ሜትፎርሚንን በመሰለ እንክብል ይያዛል። በእርግዝና ወራት የሚከሠትም አለ። ከ8 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ሳይበሉ ቆይተው ሲመረመሩ በዴሲሊትር ደም 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ስኳር በሁለት ምርመራ ከተገኘ ሕመሙ ተረጋገጠ ይባላል። የአኗኗር ለውጥ ምን ያህል እንደሚያመጣው፣ ወደ እስራኤል የፈለሱት ቤተ እስራኤላውያን ምስክር ናቸው፤ ሲገቡ እምብዛም ያልነበረባቸው ደዌ፣ ማዕዳቸውና ውሏቸው ከተለወጠ በኋላ በመካከላቸው በዝቷልና።

ሕመምተኛው ሊማረው የሚገባው ዋና ትምህርት ልክን ማወቅ ነው። እንጀራም ሆነ በሶ ወደ ስኳር የሚለወጥ እህል ስለሆነ፣ የሚበላው ተመጥኖ፣ ጎመኑና ምስሩ በዝቶለት ነው፤ ማርም ከስኳር ተለይቶ የተፈቀደ አይደለም። ስኳር ለዓመታት ከልኩ ሲያልፍ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግርን ስሜት ይጎዳልና፣ እግርን በየማታው አጥቦ መመልከት፣ ባዶ እግር አለመሄድና ዓይንን በየዓመቱ ማስመርመር ያስፈልጋል። ከልክ መውረዱም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩም ይምታታበታል፤ ይህን ያየ ሰው ሰክሯል ወይም መንፈስ ይዞታል ብሎ ከመፍረድ ይልቅ፣ መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ያጠጣው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳያደርግ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ያድርሰው።

ማለዳ መድኃኒቱን ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ይህ አደጋ ሊደርስበት ስለሚችል፣ ጾሙን ከመጀመሩ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋራ ይማከር፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለድውይ ያዝናል፤ ቁርኣንም ሕመምተኛው የረመዳንን ጾም በሌላ ቀን እንዲያካክስ ይፈቅድለታል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ የሐኪምንና የመድኃኒትን ክብር ያስተምራልና፣ ወደ ጸበል የሚሄድም ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ እንጂ አይተው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት የገጠር ቤት ግን በእርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ከሙቀት ያስጠልለዋል። ባንቲንግና ባልደረቦቹ የግኝታቸውን መብት ለዩኒቨርሲቲያቸው የለቀቁት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም የመድኃኒቱ ዋጋ ወይም የጤና ጣቢያው ርቀት የሚከለክለው ሕፃን ስላለ፣ ያ ማሰሮ ባዶውን እንዳያድር መትጋት የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም፣ የመንግሥቱም ዕዳ ነው።