እባብን በራዲዮ መከታተል

ከሣርና ከድንጋይ ሥር የሚሰወረውን እባብ በዓይን ብቻ መከታተል እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህም ሄንሪ ፊችና ሃምፕተን ሺረር በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት፣ የእባቦችን ውሎ በራዲዮ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1971 ጥናታቸውን አሳተሙ። በዚያን ዘመን የተለመደው ዘዴ እባቡ አነስተኛ ማሠራጫ እንዲውጥ ማድረግ ነበር፤ ይሁን እንጂ እባቡ አንዳንዴ መልሶ ይተፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሃዋርድ ራይነርትና ዴቪድ ከንዳል የተሻሻለ ዘዴ አቀረቡ፤ ይኸውም እባቡ በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ ማሠራጫውን በሆድ ዕቃው፣ አንቴናውን ከቆዳው ሥር መቅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ሙከራ ደግሞ ማሠራጫ የዋጠ የውሃ እባብ፣ ምግብ እንደ በላ ሁሉ፣ ካልዋጠው ይልቅ ሙቀት ሲሻ ታየ። እንግዲህ በቀደሙት ጥናቶች የተመዘገበው ውሎ ከፊሉ የእባቡ ጠባይ ሳይሆን የመሣሪያው ውጤት ሊሆን እንደሚችል ግልጥ ሆነ።