መጽሐፍና እሳት በ1258

የታሪክ ጸሐፊዎች አንድን ዓመት ለአንድ ድርጊት ብቻ የመስጠት ልማድ አላቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1258፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1250 ዓ.ም. ግድም፣ የባግዳድ መውደቂያ ዓመት ተብሎ ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የዛጉዌ ነገሥታት ዘመን ገና አላበቃም፤ ይኵኖ አምላክ ዙፋኑን የያዘው ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነበር። የባግዳድ መውደቅ ታላቅ ነገር መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት መጽሐፍ በአንዱ አገር ሲቃጠል በሌላው አገር ተጽፏል፤ ንጉሥ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ አዋጅ ለማስነገር ተገዷል፤ ስሙ ያልተጻፈ ብዙ ድሃም በረኀብ አልቋል።

በባግዳድ የአባሲድ ከሊፋዎች ከ750 ጀምሮ የእስላሙን ዓለም ሲመሩ፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ቢያንስ የመሪነቱን ስም ይዘው ሲኖሩ አምስት መቶ ዓመት አልፏቸው ነበር። የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ የሆነው ሁላጉ ጦሩን አስከትቶ በጃንዋሪ መጨረሻ ከተማይቱን ከበበ። ከሊፋው አል-ሙስተዕሲም ፌብሩዋሪ 10 ቀን እጁን ሰጠ። ከሦስት ቀን በኋላ ወታደሩ ለዝርፊያ ተለቀቀ፤ እልቂቱም ቀናትን ፈጀ። ከሊፋው ፌብሩዋሪ 20 ቀን ተገደለ። በሞንጎሎች ባህል የነገሥታት ደም መሬት ላይ መፍሰስ ስለሌለበት በምንጣፍ ተጠቅልሎ በፈረስ እንደ ተረገጠ ይነገራል። ለአንድ ንጉሥ ደም ይህን ያህል ሲጠነቀቅ የነበረው ሁላጉ፣ በ1262 ለፈረንሣዩ ንጉሥ ለዘጠነኛው ሉዊ በላከው ደብዳቤ በባግዳድ ከሁለት መቶ ሺሕ በላይ ሰው መግደሉን ራሱ ጽፏል።

የጤግሮስ ወንዝ በተጣሉት መጻሕፍት ቀለም ጠቁሮ ፈሰሰ የሚለውን ትረካ ያልሰማ የለም። ይህን ያወሩት ግን በኋላ ዘመን የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ብዙ መጽሐፍ መጥፋቱ እርግጥ ነው፤ የተረፈም አለ። በሁላጉ ሠፈር የነበረው ታላቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ናሲር አል-ዲን አል-ቱሲ መጻሕፍት እያስሰበሰበ ወደ ማራጋ አስወስዷል፤ በሚቀጥለውም ዓመት፣ በ1259፣ በዚያች ከተማ የከዋክብት መመልከቻ ማሠራት ጀምሯል። ገንዘቡን የሰጠው ያው ከተማይቱን ያጠፋው ሁላጉ ነው። የሊቁ ሥራ በወራሪው ችሮታ ላይ መቆሙ ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም፤ ይሁንና ያለዚያ ችሮታ እነዚያ መጻሕፍት የእሳት ሲሳይ በሆኑ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው የአንድ የኪነት ሰው ታሪክ ነው። ሳፊ አል-ዲን አል-ኡርማዊ በከሊፋው ቤተ መንግሥት እጀ መልካም ቁም ጸሐፊ፣ የመጻሕፍት ቤት ኀላፊና ዑድ ደርዳሪ ነበር። የድምፅን ደረጃ በዐሥራ ሰባት ከፍሎ ያስረዳበት መጽሐፉ ከእርሱ በኋላ ለመጡት የአረብና የፋርስ ዜማ ሊቃውንት መሠረት ሆኗል። ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የሚኖርበትን ሠፈር ሊዘርፍ የመጣውን የሞንጎል አለቃ በሩን ከፍቶ ተቀበለው፤ አበላው፤ አጠጣው፤ ዑዱንም አንሥቶ ተጫወተለት። አለቃውም ሳይገድለው ወደ ሁላጉ ወሰደው። ሁላጉ በዜማው ተደስቶ በሕይወት አኖረው፤ ደመወዝም ቆረጠለት። ጎረቤት ሲታረድ ክር መምታት ክህደት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በዚያ ሌሊት በዚያ ቤት ውስጥ ያልነበረ ሰው በእርሱ ላይ ለመፍረድ ባይቸኩል መልካም ነው። ሳፊ አል-ዲን ከዚያ በኋላ ጁወይኒ ለሚባሉት ባለሥልጣኖች አደረ፤ እነርሱ ሲወድቁ እርሱም ደኸየ። በ1294 በሦስት መቶ ዲናር ዕዳ ታስሮ ወኅኒ ቤት ሞተ። የሞንጎልን ሰይፍ ያበረደው ጣት አበዳሪውን ሊያበርድ አልቻለም።

ባግዳድ በነደደችበት ዓመት በሺራዝ ከተማ ባለቅኔው ሰዓዲ «ጉሊስታን» የተባለውን መጽሐፉን ፈጸመ። የስሙ ትርጓሜ የጽጌረዳ ሥፍራ ማለት ነው። ስድ ንባብና ግጥም እያፈራረቀ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ ስምንት ምዕራፍ ሲኖረው የመጀመሪያው ስለ ነገሥታት ጠባይ ነው። ሺራዝ ከጥፋት የዳነችው ገዢዋ ለሞንጎሎች ስለ ገበረ ነው። ሰዓዲ ለወደቀችው ባግዳድም የሙሾ ግጥም ጽፏል፤ ያውም በፋርስኛና በዓረብኛ፣ በሁለት ቋንቋ።

እሳት የነካው ግን የባግዳድን መጻሕፍት ብቻ አልነበረም። በዚያው ዓመት በቻይና በር የሁላጉ ወንድም ኩብላይ የቡድሃንና የታኦን ሃይማኖት ሊቃውንት ከሁለቱም ወገን ዐሥራ ሰባት ዐሥራ ሰባት አድርጎ በፊቱ አከራከራቸው። የታኦ ሊቃውንት ተረቱ። ፀጉራቸው ተላጨ፤ ሐሰተኛ ናቸው የተባሉት መጻሕፍታቸውም እንዲቃጠሉ ተፈረደ። በዚህኛው እሳት የከተማ ዝርፊያ የለበትም፤ ጉባኤና ዳኝነት አለበት።

ሞንጎሎች በደረሱበት ሁሉ አላሸነፉም። በጃንዋሪ፣ ሁላጉ ወደ ባግዳድ ሲገሠግሥ፣ ሌላ የሞንጎል ጦር በዛሬይቱ ቬትናም የዳይ ቪየትን መናገሻ ታንግ ሎንግን ያዘ፤ ከተማይቱ ግን ባዶ ሆና ቆየችው። ንጉሡ ትራን ታይ ቶንግ ሕዝቡን አስወጥቶ ሸሽቶ ነበር። ስንቅ ያጣው ወራሪ በወሩ መጨረሻ በመልሶ ማጥቃት ተመትቶ ወጣ። ንጉሡም በዚያው ዓመት ዙፋኑን ለልጁ ለቅቆ ወደ ጽሑፍና ወደ ተመስጦ አዘነበለ።

በምዕራቡ ጫፍ፣ በእንግሊዝ አገር፣ መሳፍንቱ ሦስተኛውን ሄንሪ በኦክስፎርድ አስጨንቀው በዐሥራ አምስት ሰዎች ምክር ቤት ሥር እንዲገዛ አደረጉት። ለገባሩ አስበው አልነበረም፤ የንጉሡ ወጪና የባዕዳን ሹማምንቱ ብዛት አንገፍግፏቸው ነው። ሆኖም ኦክቶበር 18 ቀን የወጣው የንጉሡ አዋጅ፣ በመኳንንቱ ቋንቋ በፈረንሳይኛና በካህናቱ ቋንቋ በላቲን ብቻ ሳይሆን፣ ገበሬው በሚናገረው በእንግሊዝኛም ተጻፈ። ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ ወዲህ ያ ቋንቋ ከነገሥታት አዋጅ ርቆ ኖሯል። ሄንሪ ቃሉን ለማፍረስ ብዙ አልቆየም፤ ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

አዋጁ ሲነበብ ይሰማ የነበረው ሕዝብ ተርቦ ነበር። መነኩሴው ማቲው ፓሪስ በዚያ ዓመት ጸደዩ በብርድ እንዳለፈ፣ እህል እንደ ጠፋ፣ በለንደን ብቻ ዐሥራ አምስት ሺሕ ድሃ እንደ ሞተ ጽፏል። ቁጥሩ የእርሱ ነው፤ የብርዱን ምክንያት ግን ሊያውቅ አይችልም ነበር። በሃያኛው ምዕት ዓመት ሳይንቲስቶች የግሪንላንድንና የአንታርክቲካን በረዶ ሰርስረው ሲመረምሩ፣ ከዚያ ዘመን የቀረ የእሳተ ገሞራ ድኝ በሁለቱም ዘንድ አገኙ። ፀሐይን የጋረደው ተራራ የትኛው እንደሆነ ግን ለብዙ ጊዜ አልታወቀም።

መልሱ የተገኘው በ2013 ነው። በኢንዶኔዥያ፣ ሎምቦክ በምትባል ደሴት፣ ሳማላስ የተባለው ተራራ በ1257 እንደ ፈነዳ በአመዱና በከሰሉ ምርመራ ተረጋገጠ። ለዚህ ምርመራ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ በጥንታዊ የጃቫ ቋንቋ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፈ የደሴቲቱ ታሪክ ነው። በዚያ ቅጠል ላይ ተራራው እንደ ተናደ፣ ቤቶች በፍርስራሽ ተውጠው እንደ ተወሰዱ፣ ከሞት የተረፉትም እንደ ተበተኑ ተጽፏል። የጠፋችው መናገሻ ስም ፓማታን ይባላል። ምርመራው ታትሞ ሲወጣ ተራራው ታውቆ ነበር፤ ፓማታን ግን የት ቦታ በአመድ ሥር እንደ ተቀበረች ገና አልተገኘም ነበር።