ዕርገት በግንቦት፣ ሶለል በነሐሴ

 የታሪክ ማስታወሻ ዝግጅታችን ዛሬ የሚያርፈው በወሎ፣ ራያ ቆቦ ላይ ነው።

ግንቦት ላይ በቆቦ ሜዳ አንጋጦ ሰማይ የሚያይ ገበሬ ብታገኙ ምን እየፈለገ እንደሆነ አትጠይቁትም። ደመና ነው የሚፈልገው። ማሽላ ወይ ከላይ ዝናብ ይጠብቃል፣ ወይ ከደጋው የሚወርድ ጎርፍ። ጎርፉን ጠልፎ ማሳ ላይ ማሰራጨት የራያ ሰው የቆየ ጥበብ ነው። ደጋው ላይ ደመና ካልቋጠረ ግን የሚጠለፍ ነገር አይኖርም።

የጌታ ዕርገት የሚከበረው እንዲህ ሰው ሁሉ በሚያንጋጥጥበት ወቅት ነው። ታሪኩም የሚጀምረው ካንጋጠጡ ሰዎች ነው። ሐዋርያት ከኢየሩሳሌም በስተ ምሥራቅ በደብረ ዘይት ተራራ ቆመው ጌታ ከፍ ከፍ ሲል አዩ። ደመና ተቀበለውና ከዓይናቸው ተሰወረ። እነሱ ግን ዓይናቸውን ከሰማይ መንቀል አቃታቸው። ነጭ የለበሱ ሁለት መላእክት ባይገሥጿቸው ኖሮ እዚያው ይመሽባቸው ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስ አንድ የሚያስገርም ነገር ይጨምርልናል፦ ሐዋርያት ጌታቸው ተለይቷቸው ሳለ ወደ ከተማ የተመለሱት በታላቅ ደስታ ነበር።

የሚወደውን ሸኝቶ ደስ ብሎት የሚመለስ ማን ነው? የዛሬው ማስታወሻችን የሚከተለው ይህን ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቀኑ ጥቂት እንበል። ዕርገት ከትንሣኤ ጀምሮ ሲቆጠር በ40ኛው ቀን፣ ምንጊዜም ሐሙስ ይውላል። ከግንቦት 5 አይቀድምም፣ ከሰኔ 9 አያልፍም። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማውጫ ስሌት፣ ማውጣት ለሚፈልግ ሥራው ቀላል ነው። የዕርገት ተውሳክ፣ ማለትም ለበዓሉ የሚደመረው ቁጥር፣ 18 ነው። የ2018 ዓ.ም. መባጃ ሐመር፣ ማለትም የዓመቱ መነሻ ቁጥር፣ 25 ነውና ሁለቱ ሲደመሩ 43 ይሆናሉ፤ 30 ሲገደፍ 13 ይቀራል። ስለዚህ የ2018 ዕርገት የሚውለው ግንቦት 13 ቀን ነው።

በዓሉ ከዘጠኙ ዐበይት በዓላት አንዱ ቢሆንም እንደ ጥምቀት ታቦት ወጥቶለት፣ እንደ መስቀል ደመራ ተደምሮለት አይከበርም። የሚውለው ከትንሣኤ በኋላ ጾምና ስግደት በሌለባቸው ሃምሳ ቀናት ውስጥ ነው። ካህናቱ ማኅሌቱን ይቆማሉ፣ ምእመናን ያስቀድሳሉ፤ ከዚያ ገበሬውም ነጋዴውም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ዛሬ አንዲት ትንሽ ሕንፃ አለች። የመስቀል ጦረኞች የሠሯት ስትሆን፣ ሳላሕ አድዲን በ1187 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ መስጊድ ሆናለች። ወለሏ ላይ የጌታ የእግሩ አሻራ ነው የሚባል ድንጋይ አለ። በዕርገት ቀን ክርስቲያኖች እዚያው ቅጥር ግቢ ገብተው ይጸልያሉ። ሙስሊሞችም ነቢዩ ዒሳ ወደ ሰማይ መነሣታቸውን ያምናሉ። ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋልዶ ለሚኖርበት ለራያ ሰው ይህ ጉርብትና እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ሐዋርያት ደስታ እንመለስ። የተዋሕዶ ሊቃውንት የሚሰጡት ምላሽ አጭር ነው። ቃል ከሰማያት ሲወርድ ሥጋ አልነበረውም፤ ሲያርግ ግን ከድንግል የነሣውን ሥጋ እንደያዘ ዐረገ። በችንካር የተወጋው እጅ፣ ከትንሣኤ በኋላ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ዓሣ የበላው አፍ በአብ ቀኝ ተቀመጠ። ሐዋርያት የሸኙት ሥጋ የገዛ ወገናቸው ሥጋ ነበር። አፈር የተባለው አዳም በዙፋን ላይ ዘመድ አገኘ። እንዲህ ያለ ሽኝት ላይ ማን ያለቅሳል?

ይህ የሥጋ ክብር ነገር ወሎ ምድር ላይ ነገሥታትን ያስቀመጠ ክርክር ነበር። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ዘርግተው ሊቃውንቱን አከራከሩ። ሥጋ በተዋሕዶ ከበረ የሚሉት ረቱ፤ ሦስት ልደት የሚሉት ተረቱ። በዚያው ጉባኤ ማግስት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በአዋጅ ተገደዱ። ስለ ሥጋ ክብር የተከራከረ ጉባኤ የብዙ ሰው ክብር የተነካበት መሆኑ አብሮ ሊነገር ይገባል።

ሊቃውንቱ በጉባኤ የተከራከሩበትን ነገር ግን የቆቦ ልጃገረዶች በከበሮ ነው የሚያውቁት። ለዚህ ከግንቦት ተነሥተን ነሐሴ 16 ላይ መድረስ ይኖርብናል።

[የከበሮ ድምፅ ገብቶ ቀስ በቀስ ይቀንሳል]

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት፣ የእመቤታችን ዕርገት የሚከበርበት ቀን ነው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንዲህ ይላል። እመቤታችን ጥር 21 ቀን ዐረፈች። ሐዋርያት ሥጋዋን ለመቅበር ሁለት ሱባኤ ጾመው በነሐሴ ወር ጌቴሴማኒ ቀበሯት። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ስታርግ ያያት ቶማስ ብቻ ነበር። በጌታ ትንሣኤ ዕለት ያልነበረው፣ አሁንም በቀብሩ ያልደረሰው ያው ቶማስ ማለት ነው። ከህንድ በደመና ተጭኖ ሲመጣ አየር ላይ አገኛት፤ ለምስክርነትም የተገነዘችበትን ሰበን ሰጠችው። ሐዋርያት መቃብሩን ከፍተው ባዶ ሲያገኙት ሰበኑን አውጥቶ አሳያቸው።

አድማጮቻችን፣ ነገ መስቀል ስትሳለሙ የካህኑን እጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከእጅ መስቀሉ ላይ የታሰረች ጨርቅ ታያላችሁ። ትውፊቱ ያቺን ጨርቅ ከቶማስ ሰበን ጋር ያያይዛታል። ሐዋርያት ሰበኑን ቆራርጠው ተካፈሉት፤ የዚያ መታሰቢያ በካህኑ እጅ ቀረ ይባላል።

ሁለቱን ዕርገቶች ግን መለየት ያስፈልጋል። ጌታ በገዛ ሥልጣኑ ዐረገ፤ እናቱ ግን በልጇ ሥልጣን ከፍ ከፍ አለች። እሱ በሩን ከፈተ፤ በሩ ለሰው ልጅም የተከፈተ መሆኑ በእሷ ታየ። የግብፅ ቤተ ክርስቲያንም ጾሙንና በዓሉን በዚሁ ቀን ትጠብቃለች። የሮም ቤተ ክርስቲያን የማርያምን ዕርገት የቆየ በዓል አድርጋ ስታከብር ኖራ፣ የእምነት ድንጋጌ ያደረገችው በ1943 ዓ.ም. በጳጳስ ፒዩስ 12ኛ ዘመን ነው።

በእኛ አገር ደግሞ የነሐሴው ዕርገት ጎዳና ላይ ወጣ። በራያ ቆቦ ሶለል ይሉታል። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ ነው። አመጣጡን አንዳንዱ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ካበሠረችው የኖኅ ርግብና ከያዘችው ቅጠል፣ ሌላው በዓመት በዓመት ከሚለቀስላት ከዮፍታሔ ልጅ ጋር ያገናኘዋል። ብዙዎች ግን መላእክት እመቤታችንን በዝማሬ አጅበዋት ነበርና ልጃገረዶቹም ያንኑ ያደርጋሉ ይላሉ።

አንዲቱን ልጅ ቀረብ ብለን እንያት። ሹርባ ተሠርታለች፣ ዓይኗን ተኩላለች። ከጥልፍ ቀሚሷ በላይ ረዥም ለምለም ሣር ወገቧ ላይ ታጥቃለች። ከበሮው ሲመታ ወገቧን ትሰብቃለች፤ ሣሩም ከጉልበቷ በላይ እየተነሣ ይመለሳል። ከጓደኞቿ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ስታበቃ ከደጅ ወደ ደጅ ትዞራለች። የቤቱ ባለቤት የአቅሙን ይሰጣል፤ እነሱም ይመርቁታል።

ይህ ከበሮ ዝም ያለባቸው ወራት አልጠፉም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ቆቦ በጦርነት ውስጥ ነበረች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በቆቦ ግንባር ዳግም የተቀሰቀሰው ነሐሴ 18 ቀን፣ ከበዓሉ ሁለት ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት ሰማይን ማንጋጠጥ ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ሰው የሚያየው ደመና ለማግኘት አልነበረም። ቤተ ሰቡን የቀበረ ሰው የሥጋን ዕርገት ሲሰማ እንደ ሩቅ ትምህርት አይሰማውም። አፈር ያለበሰው ሰው አፈር ሆኖ እንደማይቀር የሚነግረው ቃል ነው።

ስለዚህ የግንቦቱን ዕርገት በጸጥታ፣ የነሐሴውን በከበሮ ማክበራችን ግጭት የለበትም። ሐዋርያት ከተራራው የወረዱበት ደስታ በቆላው ምድር ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ነው የሚሰማው። ዝናብ ሲዘንብ፣ ጎርፉ ማሳ ሲገባ፣ ሜዳው ሲለመልም ይሰማል። ገበሬው ግንቦት ላይ ሲጠብቀው የነበረው ደመና ነሐሴ ላይ ሣር ሆኖ የልጁ ወገብ ላይ ታስሯል።

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻ ይህ ነበር።