የእጅ ጥበብ የእግዚአብሔር ሀብት ስለ መሆኑ

ይህ መጽሐፍ ለደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል መታሰቢያ እንዲሆን ሲዘጋጅ፥ ስለ ነገሥታትና ስለ ጳጳሳት፥ ስለ መምህራንና ስለ አለቆች ብዙ እንደሚጻፍበት የታወቀ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። እኔ ግን ስማቸው በታሪክ ስላልተጻፈው ስለ እጅ ሠራተኞች ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ። ስለ ምን ቢሉ፥ ቤተ ክርስቲያን በቃል ብቻ ሳይሆን በእጅም ተሠርታለችና ነው። ዳግመኛም እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው የመፍጠር ሀብት በጸሐፊው ብርዕና በሊቁ አንደበት ብቻ የተወሰነ እንዳይመስለን፥ በሸማኔው መወርወሪያና በእናቶቻችን ወስፌም ላይ እንዳለ እናስተውል ዘንድ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ገና ሲጀምር እግዚአብሔርን የሚያሳየን ሲሠራ ነው። ሰውንም በመልኩ ከፈጠረው በኋላ በገነት ያኖረው ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አይደለም፤ ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነው እንጂ። በኦሪት ዘጸአት በ31ኛው ምዕራፍ ደግሞ የደብተራ ኦሪት ሥራ በታዘዘ ጊዜ፥ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ እንደ ጠራውና መንፈሱን እንደ ሞላበት ተጽፎ እናገኛለን። በዚህ ስፍራ የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት የተባለው ሰው ንጉሥ አይደለም፥ ካህንም አይደለም፤ ወርቅና ናስ የሚሠራ፥ ዕንቍ የሚቀርጽ፥ እንጨት የሚጠርብ ሠራተኛ ነው። ረዳቱም ኤልያብ እንዲሁ የእጅ ሠራተኛ ነበረ። በ35ኛው ምዕራፍም በገዛ እጃቸው ፈትለው ፈትሉን ያመጡ ሴቶች ይነሣሉ። ስለዚህ እንዝርት የያዘች እጅ በእግዚአብሔር ቤት ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት።

በሐዲስ ኪዳንም ነገሩ አልተለወጠም። ጌታችን ወንጌልን ማስተማር ሳይጀምር በናዝሬት ጸራቢ ተብሎ ይታወቅ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። በኢዮጴ ጣቢታ የተባለችው ደቀ መዝሙር በሞተች ጊዜ፥ መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት እርስዋ የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። እንግዲህ ለጣቢታ የመሰከረላት የመርፌዋ ሥራ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ ማኅበር ያቆሙት አባ ጳኵሚስም መነኮሳቱ ከጸሎቱ ጋር ሰሌንና ቅርጫት እንዲሠሩ ሥርዐት አድርገውላቸው ነበር።

ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ የእጅን ሥራ ምስክር በየገዳሙ እናገኛለን። በአድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ወንጌሎች በዚህ ዘመን በተመራማሪዎች ሲመረመሩ፥ ዕድሜያቸው በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል እንደ ሆነ ታውቋል። ሥዕል ካላቸው የክርስቲያን መጻሕፍት ሁሉ እጅግ ከቀደሙት ውስጥ የሚቈጠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ እንዴት ተሠራ ቢሉ፥ አስቀድሞ የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውኃ ይነከራል፤ በእንጨት መወጠሪያ ተወጥሮ ጠጕሩና ሥጋው ይፋቃል፤ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፤ ደርቆም ይቈረጣል። ጥቍሩ ቀለም ከጥላሸትና ከታመሰ እህል ተቀምሞ ለብዙ ጊዜ ይብላላል። ብርዑም ከመቃ ይቀረጻል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቁም ጸሐፊው ተቀምጦ ፊደሉን አንድ በአንድ የሚጥለው፤ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም የሚለየው። በመጨረሻም አንባቢው በጸሎት ያስበው ዘንድ ስሙን በትሕትና በጥቂት ቃል ይተዋል፤ ብዙው ግን ያለ ስም አልፏል።

ሠዓሊዎቹም እንዲሁ ናቸው። በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ የሳሉትን ሰዎች ስም ብንጠይቅ የሚታወቁት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከጥቂቶቹ አንዱ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን የነበረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮን ነው፤ በጣና ባሕር በዳጋ እስጢፋኖስ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ ቈይቷል። የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናትም ያየ ሰው የንጉሡን ስም ይጠራል፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ አንድ ወጥ አድርገው ያወጡ ጠራቢዎች ስማቸው ማን እንደ ሆነ የሚነግረን የለም። ከድንጋይ የተፈለፈለ ሕንፃ ግን የተሳሳተ መዶሻ አይመለስለትም፤ አንድ ጊዜ የተቈረሰው ተመልሶ አይቀጠልምና። እንግዲህ ሠራተኞቹ ምን ያህል አስተዋዮች እንደ ነበሩ ሥራቸው ራሱ ይናገራል።

በዜማውና በቅኔውም ደግሞ እግዚአብሔር ሰውን በየቀኑ ወደ አዲስ ሥራ ሲጠራው እናያለን። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ቅዱስ ያሬድ፥ ገድሉ እንደሚነግረን፥ ትምህርት አልገባ ብሎት ተስፋ በቈረጠ ጊዜ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ብዙ ጊዜ እየወደቀች ወደ ዛፉ ስትወጣ ተመለከተ፤ ከእርስዋም ትዕግሥትን ተማረ። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች የሰጠን ሰው መምህሩ አንዲት ትል ነበረች ማለት ነው። ድጓውም የዝናሙን፥ የአበባውንና የዘሩን ወራት እየተከተለ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ገበሬው በእርሻው ላይ የሚያየው ሁሉ በማኅሌቱ ውስጥ ይሰማል።

በቅኔ ቤትም ተማሪው የሌላውን ቅኔ አጥንቶ ቢያሰማ ቅኔ ዐዋቂ አይባልም። ደበሎውን ለብሶ፥ ቍራሹን ለምኖ፥ በቀን በሜዳው ሲያስብ ውሎ፥ ማታ ለመምህሩ የሚነግረው ከራሱ ልብ የወጣ አዲስ ቅኔ መሆን አለበት። ይህም ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ድረስ ነው። የዛሬው ቅኔ ለነገ አይሆንም። ከዚህ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ፤ ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር መፍጠርን የኵራት ሥራ አላለችውም፤ ይልቁንም የዕለት ምስጋና አድርጋ በሥርዐት አስተምራዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። የቅኔው ጥበብ ስሙ ምንድር ነው? ሰምና ወርቅ ነው። ይህ ስም ከወዴት መጣ? ከአንጥረኛው ቤት መጣ። አንጥረኛው የሚሠራውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ በጭቃም ይመርገዋል፤ በእሳት ባሞቀው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቀረውም ባዶ ስፍራ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስበታል። ጭቃው በተሰበረ ጊዜ ወርቁ ይገለጣል። ሊቃውንቱ ይህን አይተው፥ በላይ የሚሰማውን ቃል ሰም፥ በውስጥ የተሰወረውን ምሥጢር ወርቅ ብለው ሰየሙት። እንግዲህ ሊቁ የጥበቡን ስም የተዋሰው ከአንጥረኛው ነው፤ ነገር ግን ሊቁን በምንጣፍ ስናስቀምጥ አንጥረኛውን በደጅ አቆምነው።

ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል፤ ነገር ግን ታሪክ እውነቱን ካልተናገረ ታሪክ አይባልም። በአገራችን ለብዙ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፥ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፥ ሸማ የሚሠራውን ቍጢት በጣሽ እያልን እንሰድብ ነበር። ማታ ጅብ ይሆናል፥ በዐይኑም ሰው ይበላል እያልን ቡዳ ብለን እንርቀው ነበር፤ ከእርሱ ጋር ለመጋባትም እንጸየፍ ነበር። ማረሻችንንና ማጭዳችንን ግን ከእርሱ እንወስድ ነበር። ጠይብ የሚለው ቃል እኮ ጠቢብ ከሚለው የመጣ ነው፤ የክብሩን ስም ወስደን ስድብ አደረግነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት ጎንደር ስትቈረቈር ቤተ እስራኤል በግንበኝነት፥ በአናጢነትና በብረት ሥራ ለነገሥታቱ ብዙ አገልግለዋል። ሆኖም ልጆቻቸው በዚያው ሥራ ምክንያት ቡዳ መባል አልቀረላቸውም። አብዛኛዎቹም በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጕዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። ከእነርሱ ጋር ስንት የሸክላና የብረት ዕውቀት እንደ ሄደ ማን ይቈጥረዋል? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር። ዐዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አይመልስም፤ ልብን የሚመልስ ትምህርተ ወንጌል ነው።

ክርስቲያን ወንድሜና እኅቴ ሆይ፥ በመጪው እሑድ ወደ ቅዳሴ ስትመጣና ስትመጪ ዐይናችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። የምንሳለመውን መስቀል የቀጠቀጠው ማን ነው? ብረት ሠሪ ነው። ጸናጽሉንስ? እርሱው ነው። ከበሮውን በጠፍር የወጠረው ቆዳ ሠራተኛ ነው። መቋሚያውን የጠረበ አናጢ ነው። የቅድስቱን መጋረጃ ሴቶች ፈተሉት፥ ሸማኔ ሠራው። ወንጌሉ የተጻፈበትን ብራና የፋቀው ሰው አለ። ከቤተ ልሔም ኅብስቱ የሚወጣበት መሶበ ወርቅም አንዲት እናት በአክርማና በሰንደዶ በወስፌ የሰፋችው ነው፤ ሥራው በቤቷ እንጀራ ከምታቀርብበት መሶብ አይለይም። በነዚህ እጆች ላይ የተፈረደው ንቀት ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ቅዳሴያችን በባዶ ቤት ይሆን ነበር።

ስለ መሶቡም አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ሴቶች ከአንድ መስክ ሣር አጭደው፥ በአንድ ቀለም ነክረው ቢሰፉ ሁለቱ መሶቦች አይመሳሰሉም። አንዲቱ ቀዩን አስቀድማ ትጀምራለች፤ ሁለተኛዪቱ አረንጓዴውን ትከባለች። ይህን ልዩነት ማንም አላዘዛቸውም፤ እግዚአብሔር በያንዳንዱ ሰው ልብ ያኖረው ነው። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል፤ በቀሚስ ጫፍ ላይ በቀለም ፈትል የሚሠራውን ጌጥ ጥበብ ብለን እንጠራዋለንና፥ ሰሎሞን የለመነውም ጥበብ፥ ሸማኔው በጫፍ ላይ የሚጥለውም ጥበብ አንድ ስም አላቸው።

ስለዚህ መክሊት የተሰጠው የታወቀ ሰው ብቻ እንዳይመስለን። ወጥ የምታጣፍጥ፥ ለልጇ ተረት አሳምራ የምትነግር፥ የተቀደደ ልብስ አዲስ አስመስላ የምትጥፍ መክሊት አላት። የተጣላን ሰው በማስታረቅ ጊዜ ያልተሰማ ምሳሌ የሚያመጣ ሽማግሌ፥ በጓሮው ችግኝ የሚያዳቅል ሰው፥ በቢሮው ጽሕፈቱን በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ሁሉ መክሊት አለው። በወንጌል የተወቀሰው አገልጋይ መክሊቱ አንድ ስለ ሆነ አልተወቀሰም፤ ፈርቶ ስለ ቀበረው ነው እንጂ። እኛም ወይ ሰው ይስቅብኛል ብለን ፈርተን፥ ወይም የሌላውን ሥራ ንቀን መክሊቱን በኀፍረት እንቀብራለን። ፈሪውም ናቂውም ጉድጓዱን አብረው ይቈፍራሉ።

በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ 50ኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ባሪያ የሆነው አርነት ይወጣል፤ ርስቱን ያጣውም ወደ ርስቱ ይመለሳል። ደብራችን ኢዮቤልዩዋን ስታከብር እኛስ ማንን አርነት እናወጣለን? በንቀት የታሰረውን ሠራተኛ ነው። ለማን ርስቱን እንመልሳለን? ስሙ ለተረሳው ነው። ከዚህ በኋላ ለቤተ ክርስቲያናችን መጋረጃ ወይም መሶብ ወይም መስቀል ሲገባ፥ የሰጪው ስም በመዝገብ እንደሚጻፍ ሁሉ የሠሪዋም የሠሪውም ስም ከጎኑ ይጻፍ። ሕፃናቶቻችንም በሰንበት ትምህርት ከመዝሙሩ ጋር ፈትልን፥ ስፌትን፥ ቍም ጽሕፈትንና የብራና ሥራን ከዐዋቂዎቹ እግር ሥር ተቀምጠው ይማሩ። መምህሩ ሽማግሌ ሸማኔ ቢሆን፥ ለመሪጌታው እንደምንነሣ ለእርሱም እንነሣለት።

ለባስልኤል ጥበብን፥ ለያሬድ ዜማን፥ ለጣቢታ መርፌን የሰጠ አምላክ ለያንዳንዳችን የሰጠውን ገልጦ ያሳየን። እርሱ ራሱ በጸራቢ ቤት ያደገ ነውና የእጃችንን ሥራ አይንቅም። ለስሙ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።